ታናሹ የቀደመው ሰው

ኢቡሮይ ሃምሳውን ካለፈ ቆይቷል። የልጅ ልጅ አይቷል፤ ጢሙም ሸብቷል። በመንደሩ ሕግ ግን ገና «ልጅ» ነበር። በደሴቲቱ ላይ ከካርታላ ተራራ ግርጌ፣ ከተራው ጋብቻ በኋላ ለመንደሩ ሁሉ የሚደገሰውን ትልቁን ሠርግ ያልደገሰ ወንድ ዕድሜው ምንም ያህል ቢገፋ የመንደር ልጅ ነው። አደባባይ ካለው የድንጋይ ወንበር ላይ አይቀመጥም፣ በሸንጎ አፉን አይከፍትም፤ ድግስ ሲኖር ሥጋ ይከትፋል፣ ድስት ይሸከማል። ደግሰው የጨረሱት ግን «ሙሉ ሰዎች» ይባላሉ። ባለ ጥልፍ ካባቸውን ደርበው ከፊት ይቀመጣሉ። ዋና ከተማው ሞሮኒ ያለው መንግሥት እንኳ አንድ ነገር ሲፈልግ የሚለምነው እነሱን ነው።

ኢቡሮይ ይህን ለምዶት ይኖር ነበር። መሰሎቹ ብዙ ነበሩና እየተቀላለዱ ያሳልፉታል። ልማዱ ያበቃው ታናሽ ወንድሙ ቶይሂር ከማርሴይ የመጣ ዕለት ነው።

በወጣትነቱ ኢቡሮይ ከቫኒላ እርሻው ያገኘውን ለራሱ ሠርግ እያጠራቀመ ነበር። እናቱ አልቅሳ ለመነችው። «ትንሹን ላከው ልጄ። እሱ ሲያልፍለት አንተንም ያነሳሃል» አለችው። ሰጠ። ቶይሂርም ባሕር ተሻገረ። ከዚያ ወዲያ ገንዘብ እየላከ የመስጊዱን ጣራ አስለበሰ። በደሴቲቱ ወንዝ የሚባል ነገር የለም፤ የዘነበውን ሁሉ ጥቁሩ ድንጋይ ይጠጣዋል። ስለዚህ ትልቅ የዝናብ ውሃ ጋን በሲሚንቶ አሠራ። መንደሩ «የቶይሂር ውሃ» አለው። ኢቡሮይ ከዚያ ውሃ በጠጣ ቁጥር ያን የቫኒላ ገንዘብ ያስብ ነበር። ገንዘቡ የማን እንደነበረ ያነሳ ሰው የለማ!

ቶይሂር በመጣ በሳምንቱ የታላቁ ደጃፍ ላይ ምንጣፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ወንድም ጋሼ፣ ታላቅ እያለ ታናሽ መደገስ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። አንተ ካልፈቀድክልኝ እተወዋለሁ።»

«ምን ገዶኝ! ደግስ እንጂ።»

ቶይሂር የወንድሙን እጅ ስሞ ሄደ። የኢቡሮይ ሚስት ዛልሃታ ኮኮነት እየፈቀፈቀች ከማጀት ብቅ አለች።

«ምላስህስ ፈቀደ። ፊትህ ግን ኮምጣጤ የጠጣ ሰው ፊት ነው።»

«ዝም በይ አንቺ!»

«እኔማ ዝም እላለሁ። አንተ ነህ እንጂ ተኝተህ ጥርስህን እያፋጨህ የምታስደነግጠኝ።»

ሠርጉ ደረሰ። በጀልባ የመጡ በሬዎች በከበሮ ታጅበው መንደሩን እንዲዞሩ ተሰለፉ። ከ«ልጆቹ» መካከል በዕድሜ ትልቁ ኢቡሮይ ስለሆነ ትልቁን በሬ እንዲይዝ ሰጡት። ቶይሂር በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባ ለብሶ ጃንጥላ ተይዞለት ብቅ ሲል ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ኢቡሮይ ካባውን ከላይ እስከ ታች አየው። ያ ካባ ለሱ ትከሻ ነበር የሚያምረው።

ከሽማግሌዎቹ ዋናው፣ ምዜ ምሳይዲዬ፣ ምርኩዛቸውን ቀስረው ጮሁ።

«አንተ ልጅ! ኢቡሮይ! በሬውን ወዲህ አምጣ! ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ታናሼ ምናምን የለም። አደባባይ ላይ ‹እርስዎ› ነው የምትለው፤ ሰማህ?»

ሰዉ ሳቀ። ኢቡሮይም የሳቀ መሰለ። ከዚያ ጣቶቹን አላልቶ ገመዱን ለቀቀው።

በሬው የሩዝ ትሪ የተሸከሙትን ሴቶች በትኖ፣ ሁለት ሽማግሌ ከነካባቸው አጥር አዘልሎ፣ በቁልቁለቱ ወርዶ ባሕር ገባ። ወጣቶቹ እየዋኙ በቀንዱ ጎትተው እስኪያወጡት ድረስ ከበሮው ዝም አለ። ምዜ ምሳይዲዬ በምርኩዛቸው መሬቱን መቱ። «ማነው የለቀቀው?»

ቶይሂር ያን ጊዜ የወንድሙን እጅ እያየ ነበር። ጣቶቹ ሲላሉ አይቷል።

«ገመዱ አርጅቶ ነው» አለ። «አዲስ መግዛት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ።»

ነገሩ በዚያ አለፈ። ለኢቡሮይ ግን አላለፈለትም። ያ ሰው በሀብት ቀደመው፣ በክብር ቀደመው፤ አሁን ደግሞ በደግነት ቀደመው! ቢሰድበው ምን ነበረበት? ለቀናት የቫኒላ አበባ ፍሬ እንዲይዝ አንድ በአንድ በእጁ ሲያዳቅል በንዴት ስንቱን ቀነጠሰ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መንግሥት መንገድ ሊያወጣ መሆኑን ገልጾ መልእክት ላከ። በላይ በኩል በቫኒላው መሐል ይሂድ ወይስ በታች በባሕሩ ዳር? ሸንጎው ይምረጥ ተባለ። ሙሉ ሰዎቹ ድንጋዩ ላይ፣ ልጆቹ መሬት ላይ ተቀመጡ። አዲሱ ሙሉ ሰው እንዲናገር ቶይሂር ተነሣ።

በሸንጎ የሚናገር ሰው መጀመሪያ ሰፈሮቹን በየማዕረጋቸው ተራ ሰላም ይላል፤ ቀጥሎ የጥንት ተረት ይተርታል። ቶይሂር የመጨረሻውን ሰፈር አስቀደመ። ተረቱን ጀምሮ መሐል ላይ ጠፋበት፤ ያገሩ ቃል አልመጣ ሲለው የፈረንሳይኛ ጣል አደረገበት።

«ሙሴ ማርሴይ!» አለ አንዱ ከኋላ፣ እንደ ፈረንጅ እየጠራው። አደባባዩ በሳቅ ፈረሰ። የምዜ ምሳይዲዬ ሆድ እንኳ ተነቃነቀ።

ለኢቡሮይ ያ ሳቅ መጀመሪያ ማር ነበር። የተመኘው ይህንኑ አይደል? ቀና ብሎ ወንድሙን አየው። ቶይሂር የካባውን ጫፍ በጣቱ ይጠቀልላል፣ ይፈታል። ቁርአን ቤት ሳሉ መምህሩ ጠይቀውት ሲጠፋበት የሸሚዙን ጫፍ እንዲሁ ያደርግ ነበር። የኢቡሮይ ማር አፉ ውስጥ ሬት ሆነ። ሳያስበው ቆሞ ተገኘ።

«ምን ያስቃችኋል? ሰው በሰው አገር ብርድ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወለል ሲወለውል ቆይቶ ቋንቋ ቢጠፋው ይገርማል? ከእናንተ ማን ሞከረው?»

ከልጆቹ አንዱ በሸንጎ ተናገረ!

«አንተ ልጅ፣ ተቀመጥ!» አሉ ምዜ ምሳይዲዬ።

«አልቀመጥም፤ ጀምሬያለሁ። በሬውንም የለቀቅኩት እኔ ነኝ። ገመዱ ደህና ነበር። ቀንቼ ነው!»

ሽማግሌዎቹ ወዲያው ፈረዱ። አንድ በሬ ይክፈል፤ ፍርዱ እስኪነሣ አደባባይ አይድረስ፣ የመንደሩም ሰው አያናግረው። ቶይሂር ልክፈልለት ቢል ከለከሉት። ኢቡሮይና ዛልሃታ የዓመቱን ቅርንፉድ ሸጠው በሬውን ከፈሉ።

«አንድ ቀን ለመናገር ይህን ሁሉ ቅርንፉድ!» አለች ዛልሃታ። ይሁን እንጂ ለጎረቤት ስታወራው ድምፅዋ ኩራት ኩራት ይል ነበር።

ቶይሂር ፍርዱን ጥሶ በቫኒላው መሐል ሾልኮ መጣ።

«ወንድም ጋሼ፣ የሰፈሮቹን ተራ አስተምረኝ።»

«የሚያናግረኝ ይቀጣል።»

«ይቅጡኝ።»

ኢቡሮይ የቫኒላውን ሐረግ ግንድ ላይ እያሰረ ወንድሙን እያስደገመ አስተማረው። የሰፈሮቹን ተራ፣ ተረቱን፣ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወሰድና የት ላይ ድምፅ ዝቅ እንደሚል ነገረው። ሲሳሳት «ደንቆሮ!» ይለዋል፤ ቶይሂር ይስቃል።

በሚቀጥለው ሸንጎ ኢቡሮይና ዛልሃታ ከአጥር ኋላ፣ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ሥር ተደብቀው አዳመጡ። ቶይሂር አንድም ሳይስት ሰላም አለ፣ ተረተ፤ መንገዱ በባሕሩ ዳር ይሂድ ብሎ አሳመነ። ሽማግሌዎቹ «እሰይ! አንደበት!» እያሉ ጭናቸውን መቱ።

«ደስ አለህ?» አለችው ዛልሃታ።

«ደስ ብሎኛል።»

«ታዲያ ምነው ፊትህ?»

ኢቡሮይ ጢሙን አሸት አሸት አደረገ።

«እኔ ብናገረው የበለጠ ያምር ነበር።»