የሽቦው ልብስ

ዱባለ ስሙ ሳይጠራ የቀረበትን ቀን፣ የለበሰውን ሸሚዝ ሳይቀር ያስታውሳል። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሃያ አምስተኛ ዓመት ሲከበር እህቱ ብርቅዬ መድረክ ላይ ቆማ በዝማሬዋ የረዷትን አመሰገነች። ፓስተሩን ጠራች፣ ኦርጋን መቺውን ጠራች፣ የመዘምራኑን ልብስ የሰፉትን ወይዘሮ ተናኘን እንኳ በስም ጠራች። ከዚያ «ሌሎችንም» አለችና ወደ መዝሙሯ ገባች።

ሌሎችም ማለት እሱ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ እሷን ያስተማረው፣ ጄኔሬተሩ ሲነድ ጄኔሬተሩን፣ ድምፅ ማጉያው ሲበላሽ ድምፅ ማጉያውን እየጠገነ ድምፅዋን ለሕዝብ ያደረሰው እሱ። ከዚያ እሑድ ወዲህ አራት ዓመት ሙሉ ደጇን አልረገጠም፤ ስልኳንም አላነሳም።

ሥራው ሞተር መጠምጠም ነው። ጦር ኃይሎች፣ ከታክሲ ተራው ጀርባ፣ አንድ በር ያላት ሱቅ አለችው። የተቃጠለ የውሃ ፓምፕ ይመጣለታል፣ የወፍጮ ሞተር ይመጣለታል፤ አሮጌውን ሽቦ አውጥቶ አዲስ መዳብ ይጠመጥምበታል፣ ሽቦ ከሽቦ ተነካክቶ እንዳይነድ ቫርኒሽ ያጠጣዋል፣ በአምፖል ሙቀት ያደርቀዋል። ሞተሩ ሲዞር ሰው ሞተሩን ያደንቃል። ቫርኒሹን ያደነቀ ሰው ዱባለ እስከ ዛሬ አላጋጠመውም።

ነሐሴ ውስጥ፣ ጭጋግ ከተማውን በዋጠበት አንድ ከሰዓት፣ የብርቅዬ ልጅ ርሆቦት ሱቁ በር ላይ ቆመች። የሕክምና ተማሪ ናት። እናቷ ከታመመች ወራት እንዳለፉ ነገረችው። መጀመሪያ ግራ ዓይኗ እንፋሎት እንዳረፈበት መስታወት ደበዘዘ፤ ቀጥሎ እግሯን ጉንዳን እንደወረረው ነዘራት፤ በመጨረሻ መድረክ ላይ ማይክ ከእጇ ወደቀ። ቤቴል ያለ የነርቭ ሐኪም በሽታውን አገኘውና መርፌ አስጀመራት። ቆይቶ ዓይኗ በራ፣ እጇም ጠና። ያኔ ጉባኤው ፊት ወጥታ ተፈውሻለሁ ብላ መሰከረች፤ ሰው ሁሉ አለቀሰ። ከመሰከሩ በኋላ መርፌ ሲወጉ መታየት ግን ምስክርነትን መካድ መሰላት። መርፌውን የምትወጋበት ክሊኒክ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር አጥር ይጋራል። ይኸው ሦስት ወር፣ አንድም መርፌ አልወሰደችም።

«ፓስተሩ እንኳ መድኃኒትሽን ተዪ አላሏትም» አለች ርሆቦት። «ራሷ ናት ያፈረችው። እኔን አትሰማኝም። እርስዎን ግን ትሰማለች፣ አጎቴ።»

«እኔ ማን ነኝና» አለ ዱባለ ሽቦውን ሳይለቅ። «ሌሎችም ነኝ እኮ።»

ልጅቷ አንድ ጫፍ ሽቦ አነሳችና ስለ እናቷ ጭንቅላት ታስረዳው ጀመር። መልእክት የሚያመላልሱት ነርቮቹ ናቸው አለችው፤ ዙሪያቸውን ግን ግሊያ የሚባሉ ሌሎች ሴሎች ከበዋቸዋል። የድሮ ሐኪሞች ሙጫ ናቸው ብለው፣ ከማጣበቅ ሌላ ሥራ ያላቸው ሳይመስላቸው ስም አወጡላቸው። ለካ አንዱ ነርቩን ይመግባል፣ አንዱ ልክ እንደዚህ ቫርኒሽ በስብ ይጠቀልለዋል፣ ሌላው ቆሻሻ ይጠርጋል፣ ዘብም ይቆማል።

ዱባለ ሽቦውን አስቀመጠ። እንዲህ ደስ የሚያሰኘው ነገር ከሰማ ዓመት አልፎታል።

«ያለ እነሱ አይሠራማ።»

«አይሠራም። ግን እናቴን ያመማትም እዚያው ነው» አለችው። የሰውነት ዘበኞች በገዛ ቤታቸው ላይ ሲነሱ፣ ጠራጊዎቹም አብረው ይቆጣሉ። አንዳንዴ ጠቡ ካለፈ በኋላ እንኳ ቁጣው አይወጣላቸውም፤ የነርቩን ልብስ ይጎዱታል። ዓይኗ የበራው እብጠቱ ስለቀለለ ነው፤ መርፌው ደግሞ የሚመጣውን የሚያስታግስ ነው፤ ከተወችው በሽታው ዞሮ ሊመጣ ይችላል፤ የዚያን ጊዜ ላትነሳም ትችላለች።

ይኼ ለዱባለ አዲስ አይደለም። ቫርኒሹ የተላጠ ሞተር ለጥቂት ቀን ደህና ይዞራል፤ ባለቤቱም ዳነ ብሎ ይዞት ይሄዳል። የሚነደው ከዚያ በኋላ ነው።

ርሆቦት ስትሄድ ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ። አምፖሎቹ ይሞቃሉ፣ ቫርኒሹ ይሸታል። ዱባለ በርጩማው ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው።

ማለቂያ የሌለው የነጭ ክር ጫካ ውስጥ ይሄዳል። ጭጋጉ የሰፈሩ ጭጋግ ነው። በክሮቹ ላይ ብርሃን እንደ ዜማ ያልፋል፤ ዜማውን ያውቀዋል፣ ብርቅዬ ልጅ ሳለች ከቦኖ ውሃ ስትቀዳ የምታንጎራጉረው ነው። በየክሩ ሥር ስም የሌላቸው ሰዎች አጎንብሰዋል፤ ያጎርሳሉ፣ ይጠቀልላሉ፣ ይጠርጋሉ። ቀና ብሎ አመስግኑኝ የሚል የለም። ዱባለ ተናደደላቸው። ራቅ ብሎ ግን ብርሃኑ ይርገበገባል፣ ዜማው ይቆራረጣል። እዚያ አንድ ጠራጊ መጥረጊያውን ጥሎ የክሩን ልብስ በጥርሱ ይልጣል። ጠላት በአካባቢው የለም። ዱባለ ትከሻውን ይዞ አዞረው። ሰውዬው ቫርኒሽ የነጠበበት ሰማያዊ ቱታ ለብሷል፤ ኪሱ ላይ ያለችውን ቀዳዳ ዱባለ ያውቃታል፣ የራሱ ናት።

«ስሜን አልጠሩማ» አለው ሰውዬው፣ አፉ ሙሉ እንደሆነ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ያንኑ ቱታ እንደለበሰ ታክሲ ተሳፍሮ ቤቴል ወረደ። ብርቅዬ በሩን ስትከፍት መቃኑን ይዛ ነበር። ከስታለች። እሱ ሰላም ሳይላት ጫማሽን አድርጊና እንሂድ አላት።

«መሰከርኩ እኮ፣ ጋሼ» አለችው። ወዴት ብላ እንኳ አልጠየቀችም። «ሲያዩኝ ምን እላለሁ?»

«ወንድሜን ላሳክም ነው በያ። አንቺ አስታማሚ ነሽ። በሽተኛው እኔ ነኝ።»

«ልትዋሽልኝ?»

«አራት ዓመት ተቆጥቼ የኖርኩ ሰው ነኝ። ታሟል ብትዪ ማን ውሸት ነው ይላል?»

እሷ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። መንገዱን ክንዱን ይዛ ሄደች፤ ለሚያይ ሰው ግን የምትደግፈው እሷ ትመስላለች። እሱም እግሩን ትንሽ ጎተት አደረገ።

ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ገና ከመቀመጣቸው ወይዘሮ ተናኘ ደረሱ፣ እኚያው ልብስ የሰፉት፣ ስማቸው የተጠራው። ማን ታሞ ነው ብለው ደነገጡ።

«እኔ ነኝ» አለ ዱባለ።

ሴትየዋ ወዲያው ሁለት እጃቸውን ጫኑበትና ጸሎት ጀመሩ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞረ። ዱባለ በሌለበት በሽታ ከባድ እጅ ተሸክሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ሳይታመም ሲጸልዩለት እንኳ ስሙን አያውቁትም፤ «ይኼን ሰው» ነው የሚሉት።

«እትዬ ተናኘ» አለች ብርቅዬ። «በሽተኛዋ እኔ ነኝ። መርፌዬን ልወጋ ነው የመጣሁት። ይኼ ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ዱባለ። ያስተማረኝም፣ ዛሬ ይዞኝ የመጣውም እሱ ነው።»

ጸሎቱ ተቋረጠ። ወይዘሮ ተናኘ አንዷን አዩ፣ አንዱን አዩ። ከዚያ አንድ እጃቸውን ከዱባለ ራስ አንስተው ወደ ብርቅዬ አሳለፉ፤ ሌላውን እዚያው ተዉት፤ ከተቋረጠበት ቀጠሉ።

ነርሷ የብርቅዬን ስም ስትጠራ አብረው ተነሡ። የዱባለን ስም የሰሙት አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ሦስት ወረፋ ጠባቂዎችና አንድ የሚያስል ሽማግሌ ናቸው። ማይክ የለ፣ ጉባኤ የለ። ማይክ ቢኖርስ፣ አለ ዱባለ በልቡ፣ የሚያስተካክለው ያው እኔ ነበርኩ።

መርፌው ሲገባ ብርቅዬ እጁን ጨበጠችው። እሱም መዳብ እንደሚጠመጥምበት ጊዜ፣ ሳያጠብቅ ሳያላላ፣ ጣቶቹን በጣቶቿ ላይ ጠቀለለ።