ከጊሎ ዳር የወጣው ዶቅማ

በ1986 ዓ.ም. ግንቦት ውስጥ፣ በአንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ በጎግ ወረዳ ከጊሎ ወንዝ ዳር፣ ከዶቅማ ዛፎቹ ሥር አራት ሰዎች ነበሩ፦ ከአዲስ አበባ የመጣችው ተመራማሪ አልማዜ፣ የግብርና ቢሮው ሾፌር ተክሌ፣ የቢሮው ሠራተኛ ዘካርያስ እና የዘካርያስ እናት አጁሉ።

ክልል አሥራ ሁለት የተባለው ጋምቤላ ከተቋቋመ ገና ብዙ አልቆየም። ወንዝ ዳሩን መንጥሮ ጥጥ ለመዝራት አዲስ ዕቅድ ወጥቶ ነበር። ዘካርያስ በስብሰባ ላይ ተቃወመ። ያለፈው በቆሎ አልቆ አዲሱ እስኪደርስ የመንደሩ ልጆች በልተው የሚያድሩት ዶቅማ ነው አለ። ሳቁበት። በኋላ ግን የቢሮው ኃላፊ፣ ቤተ ሙከራ በፍሬው ውስጥ ቁም ነገር ካገኘ ቦታው ይከለላል ብለው ቃል ሰጡት። ዛፎቹ የቀራቸው ተስፋ ይኸው ነበር።

አልማዜ ከአንዱ ዛፍ ላይ አረንጓዴውን፣ መቅላት የጀመረውንና የጠቆረውን በሦስት ዕቃ ለየብቻ ለቀመች።

"ይኸውልህ፣" አለችው ዘካርያስን። "ጥሬው አፍ የሚያኮማትር ነገር አለው። እየበሰለ ሲሄድ እሱ ይቀንስና ጥቁሩ ቀለም ይመጣል። ሁለቱም ሰውነትን ከጉዳት ይከላከላሉ። የቱ ላይ እንደሚበረታ የምናውቀው ሦስቱን ጎን ለጎን ስናይ ነው። አንዱ ከጎደለ ሥራው የለም።"

ተክሌ አንድ አረንጓዴ ፍሬ አፉ ውስጥ ጣለና ፊቱ ተጨማደደ። "ኧረ ወይዘሪት! ይሄ የሚከላከለው ከመብላት ነው!"

አጁሉ ከልቧ ሳቀች። ከዚያ በአኙዋክኛ ልጇን ጠየቀችው። "ይህቺ ልጅ ጥሬውን ምን ልታደርገው ነው?"

በዘካርያስ እናት ቤት እንግዳ ጥሬ ፍሬ ይዞ አይወጣም። ጥሬ መስጠት፣ ሁለተኛ ደጄን አትርገጥ ብሎ እንደ ማባረር ነው። የከተማ እንግዳ ጥሬውን ፈልጋ መጣች ብሎ መንገር ከበደው።

"ዶቅማችንን ለአለቆቿ ልታሳይ ነው፣" አላት ባጭሩ። "ካማራቸው ዛፎቹ አይቆረጡም።"

ሦስቱን ዕቃዎች በበረዶ ሳጥን ውስጥ አድርገው ከአጁሉ ጎጆ ጥላ ሥር አስቀመጡ። መኪናው ጭቃ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ሦስቱም ሊገፉ ሄዱ። ሲመለሱ ሳጥኑ በአጁሉ ጨርቅ ጥብቅ ብሎ ታስሯል። አልማዜ ልትፈታው እጇን ስትዘረጋ ተክሌ ጮኸ።

"ደመናውን እይው እንጂ! አቦቦ ሳንደርስ ከዘነበ እዚሁ መክረማችን ነው!"

አጁሉ የአልማዜን እጅ በሁለት እጇ ይዛ፣ ከገበያ በለቀመችው አማርኛ፣ "ደህና ግባ ልጄ። ደግሞ ነይ" አለቻት።

ዝናቡ መንገድ ላይ ያዛቸው። በማግስቱ ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ፣ አልማዜ ዕቃዋን ከማስጫኗ በፊት ሳጥኑን ከፈተች። የመጀመሪያው ዕቃ ጥቁር ዶቅማ ነው። ሁለተኛውም ጥቁር። ሦስተኛውም። ፍሬው ያብለጨልጫል፤ አንድም የተሰነጠቀ የለበትም።

"ጥሬው የታለ?" አለች። "ዘካርያስ፣ ጥሬውን ምን አደረጋችሁት?"

ወዲያው ገባው።

"እናቴ ናት።"

"ለምን?"

"አክብራሽ ነው።"

አልማዜ ዕቃውን መልሳ ከደነችው።

"እንመለስ፣" አለ ዘካርያስ። "አሁኑኑ እንመለስ፣ ተክሌ።"

"በየት በኩል፣ ዘኬ? መንገዱ እኮ ከኋላችን ወንዝ ሆኖ ነው የቀረው። ዓይንህ አይቷል።"

"እኔም የተፈቀደልኝ ለአንድ ጉዞ ነው፣" አለች አልማዜ። "ጥቁሩን ብቻዬን ይዤ ብሄድ ምኑን ከምኑ አነጻጽራለሁ?" ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም፤ እሱን የባሰ የጎዳውም ይኸው ነው። ሳጥኑን እዚያው ትታለት ወደ አውሮፕላኑ ሄደች።

ክረምቱ ሳያልፍ የጥጡ ዕቅድ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ኃላፊው "ውጤቱስ?" ብለው ጠየቁ። ዘካርያስ የእናቱን ነገር ቢያወራ እንደገና እንደሚስቁ፣ በዚህ ጊዜ ግን በእሷ እንደሚስቁ አሰበ። "አልመጣም" ብሎ ተቀመጠ።

ውሃው ሲጎድል ጎግ ሄደ። አጁሉ ገና ሳይቀመጥ ጠየቀችው።

"እንግዳዋስ? አለቆቿ ወደዱት?"

"ወደዱት።"

"ታዲያስ! ከላይኛው ቅርንጫፍ፣ ፀሐይ የጠገበውን ነው የለቀምኩላት። ያንን ጥሬ ለፍየል ደፋሁት። እናንተ ወንዶች ለእንግዳ መስጠት መቼ ታውቃላችሁ?" ትከሻውን በጥፊ መታ አደረገችው። "እንግዲህ ዛፎቻችንን አይነኩብንም።"

ዘካርያስ መሬት መሬት እያየ "እሺ እናቴ" አለ።

በኅዳር ዶዘር መጣና ወንዝ ዳሩን መነጠረው። በቀጣዩ ግንቦት በቆሎው ሲያልቅ፣ ከመንደሩ ግማሹ ሰው ልጆቹን ይዞ ወደ አቦቦ ተሰደደ።