ሰባት ቤት እስኪቆጠር

«ማህሌት፣ ኧረ ይሄን አጥንትሽን አንሺልኝ!» ብዬ ሳልጨርስ የኮንዶሚኒየማችን በር ተንኳኳ። የሞቲ አያት አቶ ሂርጳ ሞቲን አስከትለው ዘር ሊያስቆጥሩ መጡ። ልጄ ማህሌትና ሞቲ ሊጋቡ ነው፤ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ከተገኘ ግን ጋብቻ የለም። እኔ ደግሞ ሞቲን ገና ሳላጋባው እንደ ልጄ ወድጄዋለሁ።

አጥንቱ የጄሶ ነው። የልጄ ሥራ የቅጠል በል ዳይኖሰሮችን አጥንት እያስተያዩ ማን የማን ዘመድ እንደነበረ መለየት ነው። እስቲ አሁን ለእነሱ ማን ሽማግሌ ይልክላቸዋል! በጥድፊያ ነጠላዬን ጣል አደረግኩበት።

የአባቷን ወገን ቆጥረን በሰላም አለፍን። የእኔን ወገን ወንድሜ ቀናው፣ የባቡር ጡረተኛው፣ ያዘ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ «ቱፋ» አለ።

አቶ ሂርጳ በከዘራቸው መሬቱን መቱ። «የእኛም ሰባተኛ ቱፋ ነው። በቃ፣ ቀረ።»

ሞቲ አንገቱን ደፋ። እኔ ክው አልኩ። የገዛ ወንድሜን ማነቅ አማረኝ፤ ምናለ ስድስተኛው ላይ ቢረሳ!

ማህሌት ግን ብድግ ብላ ነጠላዬን ገፈፈችው። ወይኔ ጉዴ!

«የምን በሬ ነው ይሄ?» አሉ አቶ ሂርጳ።

«የዳይኖሰር ዳሌ ነው፣ አባባ። እኛ የሁለት አውሬ ጥርስ ስለተመሳሰለ ብቻ ዘመድ ናቸው አንልም። ሁለቱም ቅጠል ስለሚበሉ ሊመሳሰል ይችላል። ዳሌውን፣ መንጋጋውን፣ ቁርጭምጭሚቱን ሁሉ እናስተያያለን። ስም አንድ ጥርስ ነው። የቀረውንም ይጠይቁ።»

«ሁሉም ከገጠመስ?»

ማህሌት ሞቲን አየችው። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ከገጠመማ ዘመድ ነን። አልዋሽም።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋትና ወደ ቀናው ዞሩ። «ቱፋችሁ የየት ሰው ነው?»

«የሰላሌ። እዚያው ተወልዶ እዚያው ተቀበረ። ለእናቱ አንድ ነበር፤ ወንድምም እህትም አልነበረውም።»

አቶ ሂርጳ ሳቃቸው መጣ። «የእኛ ቱፋ ግን የአድአ ሰው ነው። ወንድሞቹ ቤት ሙሉ ነበሩ። ሰላሌንማ በዓይኑም አላየ! የገጠመው ጥርሱ ብቻ ነው።»

እልልታዬን ሰፈራችን ኮዬ ፈጬ ሁሉ ሳይሰማው አልቀረም። ሞቲ ቀና ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አቶ ሂርጳ ማህሌትን ሳብ አድርገው ግንባሯን ሳሟት። «ፍቅርሽን ልታጪ ስትይ እንኳ አልዋሸሽም» አሉ። «ዘመድ አለመሆናችንን አረጋገጥን፤ በይ እንግዲህ ዘመድ እንሁን።»