ጋሽ አሸብር እውነት የተናገረ ቀን

ጋምቤላ ላይ ፀሐይ ስትከር የባሮ ዓሣ ጥላ ፍለጋ ዳር ይወጣል ይባላል። ያየ ሰው ባይገኝም የሚምል ሞልቷል።

ሪድዋና ይህን የሰማችው ሥራ በጀመረችበት ጠዋት፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ ነው። ከደሴ ብርድ የመጣች አዲስ ነርስ ናት፤ የምረቃ ፎቶዋ እንኳ ገና ፍሬም አልገባም። የነገራት ደግሞ አለቃዋ ጋሽ አሸብር ነው፤ በነርስነት ያረጀ፣ ውሸት ካላወራ ምሳ የማይወርድለት ሰው።

ከዓሣው ቀጥሎ፣ አንድ አዞ ጥርሱን ታሞ ካርድ አውጥቶ ተራውን እንደጠበቀ፣ እሱም ነቅሎ እንደሸኘው አጫወታት። እሷም እውነት መስሏት ማደንዘዣ ሰጥቶት እንደሆነ ጠየቀችው። ካርድ ክፍሉ በሙሉ ሳቀባት። ፊቷ በርበሬ መሰለ። ከእንግዲህ ይህ ሰው "ዛሬ ሰኞ ነው" ቢለኝ እንኳ ሌላ ሰው ሳልጠይቅ አላምንም ብላ ማለች።

ጋሽ አሸብር ለስብሰባ መሃል ከተማ ሊሄድ አንድ እግሩን ባጃጁ ውስጥ ከከተተ በኋላ ዞር አለ።

"ሲስተርዬ፣ በቴርሞሜትሩ ከመለካትሽ በፊት ጥግ ያለው እንስራ ውሃ ውስጥ ንከሪው፣ ከዚያ አራግፊው። እዚህ አገር ከበሽተኛው ቀድሞ ትኩሳት የሚይዘው እሱን ነው።"

"እሺ ጋሼ፤ አዞውም ሲመጣ እነክረዋለሁ።"

እሱም ስቆ ሄደ።

ቴርሞሜትሩን ፀሐይ የምታርፍበት መስኮት ላይ አኖረችው። መጀመሪያ የገባው እግሩን እሾህ የወጋው ዓሣ አጥማጅ ነበር። ብብቱ ሥር ሸጎጠችለት፤ አርባ ሁለት። ክው አለች። እንደተማረችው ከሆነ በዚህ ትኩሳት ሰው ይቃዣል፤ እሱ ግን ሸንኮራውን እየገሸለጠ ነው። ብታራግፈው ብታራግፈው አልወርድ አለ። ሳል የያዛት ሴት፤ አርባ ሁለት። በራሷ ብብት ሞከረችው፤ አሁንም አርባ ሁለት። ሞታ ሳታውቀው ሥራ የገባች እስኪመስላት ደነገጠች። ቆይቶ ድንጋጤው ወደ ንዴት ዞረ፤ ሽማግሌው ሊቀልድባት የተበላሸ ዕቃ አስይዟት መሄዱ ነው።

ስለዚህ ኛዋል የምትባል እናት ልጇን ጃልን ታቅፋ ስትገባ፣ ዕቃው አርባ ሁለት ቢልም ሪድዋና ምንም አልመሰላት። ልጁ ደህና እንደሆነ፣ ነገ ብታመጣው እንደሚሻል ነገረቻት። ኛዋል አልተነቃነቀችም።

"መስታወቱን ተይው። እጅ የለሽም?"

አለችና የሪድዋናን እጅ ይዛ የልጁ ግንባር ላይ ጫነችው።

ፍም ነው። ሪድዋና እጇን ሳታነሳ የልጁ ዓይን ተገለበጠ፣ እጅ እግሩ ይንፈራገጥ ጀመር። እሷ በቁሟ ደርቃ ቀረች። እጆቿ ግን ከእሷ ቀድመው ነቁ፤ ልጁን በጎኑ አስተኙት፣ ጨርቁን ገፈፉለት። የሚያስፈልገውን መርፌ ወጋችው። መንፈራገጡ ሲቆም ቴርሞሜትሩን እንስራው ውስጥ ነከረችና አራገፈችው። እንደ ታዛዥ ልጅ ወረደ። ልጁን እንደገና ስትለካው አርባ አንድ። ሰውዬው እውነቱን ነበር።

ወባ ነበር። ጋሽ አሸብር ሲመለስ ጃል ግሉኮስ ተሰክቶለት የእናቱን ጡት ይፈልጋል። የሆነውን ስትነግረው አልሳቀም። ቆቡን አውልቆ አግዳሚው ላይ ተቀመጠና ላብ ሳይሆን ሌላ ነገር ከፊቱ ጠረገ።

በዓመቱ ሶሊ የምትባል አዲስ ነርስ መጣች። ጋሽ አሸብር ጉሮሮውን ጠረገና ስለ ባሮ ዓሣ ሊጀምር አፉን ሲከፍት፣ ሪድዋና ከወዲያ ቀደመችው።

"ጋሼ፣ መጀመሪያ እጇንና እንስራውን ያሳዩዋት። ዓሣው ከምሳ በኋላ ይወጣል።"