የቢቸና ጣሳ

ጥሩአየሁ ከቢቸና መናኸሪያ ስትነሳ ጀንበር ገና አልወጣችም። ሁለት ማዳበሪያ ይዛለች። በአንዱ ሠላሳ የሕፃን ኮፍያ አለ፤ በሌላው ስንቋ፣ ትርፍራፊ ክርና ቀለም የምትለካበት ጣሳ። ሁለቱንም በጉልበቶቿ መካከል አጥብቃ ይዛ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ከላይ ልጫንልዎት» አላት የሚኒባሱ ረዳት።

«የለም፣ ጤዛ ያገኘዋል።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«ኮፍያ።»

«ኮፍያ ብርድ ከፈራማ እኛ ምን እንሁን!» ብሎ ተሳፋሪውን አሳቀው። እሷም ሳቀች፤ ማዳበሪያዎቹን ግን አልለቀቀችም።

ደክሟታል። ጣቶቿ ከሦስት ሳምንት ሥራ በኋላ መርፌ የያዙ ይመስል እንደታጠፉ ቀርተዋል። ደብረ ወርቅ እስኪደርሱ ድረስ አንዱን ጣት በሌላው ስታሽ ሄደች።

ነገሩ የተጀመረው ኅዳር ሲገባ ነው። ሞጣ የልብስ ሱቅ ያላት ዘይዳ ለጥሩአየሁ ልጅ ለሰሎሜ ሥራ ሰጠቻት። አንድ የሕፃናት መዋያ ለሠላሳ ልጆች የውርጭ ኮፍያና ሻርፕ ፈልጎ ነበር፤ ከበግ ፀጉር የተፈተለ፣ በእጅ የተቀለመ፣ ሁሉም አንድ ቀለም። «በኅዳር መጨረሻ ቅዳሜ አምሮ ከመጣልኝ ከሱቄ አንድ መደርደሪያ ያንቺ ነው» አለቻት ዘይዳ። «ካላማረ ግን ሌላ ሰው አላጣም።»

ሰሎሜ ባሏ ጥሏት ከሄደ ሁለት ዓመቷ ነው። ከትንሽ ልጇ ጋር በኪራይ ቤት ትኖራለች። የሰው ልብስ እያጠበች ቆይታ ነበር፤ አሁን እሱም ቀዝቅዟል። መደርደሪያው ካልተገኘ ጓዟን ጠቅልላ ቢቸና፣ እናቷ ቤት፣ ከመግባት ሌላ ምርጫ የላትም። ሰሎሜ ይህን እንደ ሞት ትፈራዋለች። ጥሩአየሁ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትለምን የኖረችው ይህንኑ ነው። የልጅ ልጇ ሳል ይዟት እንደሆነ፣ የቤቱ በር ደኅና ይዘጋ እንደሆነ ሳታስብ የዋለችበት ቀን የለም። ታዲያ ኮፍያውን እየሠራች ሥራው እንዲያምር ትጸልያለች፤ እዚያው ላይ ልጇ እንድትመለስላት ትጸልያለች። ሁለቱን በአንድ ጸሎት መለመን ራሱ ያደክማል።

ፀጉሩን አጥባ የፈተለችው እሷ ናት። ግማሹን ክር ያልተቀለመውን ሰሎሜ ለሻርፑ ልታጠነጥነው ወደ ሞጣ ይዛው ሄዳ ነበር፤ በኋላ ተመልሳ እናትና ልጅ በአንድ ድስት ሊያቀልሙት። ከዚያ መንገድ ተዘጋ፣ ስልክም ጠፋ። ዐሥር ቀን አለፈ። በዐሥራ አንደኛው ቀን አንድ መኪና ወደ ሞጣ ያልፋል ሲባል ጥሩአየሁ የጎልማሶች ትምህርት ደብተሯን አውጥታ ደብዳቤ ጻፈች። በዕድሜዋ ለሰው የጻፈችው የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው።

«ሰሎሜ ልጄ። አንድ ጣሳ የተወቀጠ የመቅመቆ ሥር ለአምስት ልቃቂት። ቀለም እንዲይዝ ሸብ ሁለት ማንኪያ። ክሩ ሲዘፈዘፍ ይደር። እሳቱ ቀስ ይበል። ልጅቱን ከእሳት አርቂ።»

መምህር አካለ ወልድ እንዳስተማራት ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች አምስት ጊዜ አነበበችው። አንድም የጎደለ አላገኘችም። በላስቲክ ጠቅልላ ለሾፌሩ ሰጠችው።

መንገዱ ተከፍቶ ሞጣ የደረሰችው ሐሙስ ረፋዱ ላይ ነው። ሰሎሜ በሩን ከፍታ አቀፈቻት። ልጅቱ የአያቷን ቀሚስ ይዛ አልለቅም አለች። ጥሩአየሁ ግንባሯን በመዳፏ ዳሰሰች።

«ትኩሳት አላት?»

«የላትም፣ እማዬ። ገና ሳትቀመጪ?»

«እግሯስ ለምን ቀዘቀዘ?»

«ጠዋት ስለሆነ። ይልቅ ኮፍያውን አሳዪኝ።»

ጥሩአየሁ ማዳበሪያውን ፈታች። ኮፍያዎቹ እንደ ደረሰ ቀይ ማሽላ ሞቅ ያለ ቀለም ነበራቸው። ሰሎሜ አንዱን አነሳች። ወደ አልጋው ሄዳ ከቁልሉ ላይ አንድ ሻርፕ አመጣችና አጠገቡ አኖረችው። የገረጣ ቢጫ ነው፤ ፀሐይ የበላው ገለባ ይመስላል።

ጥሩአየሁ ሻርፑን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስዳ አየችው።

«ምን ያህል ጨመርሽ?» አለች ጥሩአየሁ በመጨረሻ።

«እንዳልሽው። አንድ ጣሳ ለአምስት ልቃቂት። ደብዳቤሽን ግድግዳ ላይ ለጥፌ እሱን እያየሁ ነው የሠራሁት።»

«ሸቡስ?»

«ሁለት ማንኪያ።»

«እሳቱን አንድደሽው ይሆናል።»

«እማዬ፣ እሳቱን እንደ ሕፃን ነው የጠበቅሁት!»

ጥሩአየሁ ይዛው የመጣችውን ጣሳ ከማዳበሪያው አወጣች። ከእናቷ የወረሰችው ነው፤ አፉ ተጣሞ በመዶሻ የተቃና። «ይኸው፣ በዚህ ሙሉ ነው» አለች።

ሰሎሜ ጣሳውን አየችው። ከዚያ ከመስኮቱ ሥር የራሷን አነሳች፤ ሞጣ ገበያ እህል የሚሰፈርበት ነው። የራሷን በእናቷ ትልቅ ጣሳ ውስጥ አስገባችው። ጠልቆ ገባ፤ ዙሪያውን ሁለት ጣት ተረፈ።

«ይህን ነው ጣሳ የምትይው?»

ጥሩአየሁ የራሷን ጣሳ አንስታ አገላበጠችው። ፊደሉን አምስት ጊዜ አይታለች። ጣሳውን አንድ ጊዜም አላሰበችውም። ጣሳ ጣሳ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ የሰፈረችበት አንድ ጣሳ ነው፤ ሌላ አገር ሌላ ጣሳ ይኖራል ብሎ ማን ያስባል?

«ድጋሚ ልንከረው?» አለች ሰሎሜ።

«የተሠራ ሻርፕ የፈላ ውኃ ካገኘው ይኮማተራል። ለአሻንጉሊት ነው የሚሆነው።»

«ተርትረነው እንደ ገና…»

«ከነገ ወዲያ ሊደርስ? በየትኛው እጅ?»

ሰሎሜ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ለማልቀስም የደከማት ትመስል ነበር። «በቃ፣ እማዬ» አለች። «እመለሳለሁ። አብረን እንሂድ።»

ጥሩአየሁ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ቃል ይኸው ነበር። ደስ ይላታል ብላ ታስብ ነበር። አሁን ግን የልጇን አንገት አየች፤ አጎንብሳ፣ እንደተቀጣ ተማሪ። በእሷ ጣሳ ምክንያት ተሸንፋ ስትመለስ፣ ጎረቤቱ ወጥቶ ጓዟን ሲቆጥር ታያት። ቃሉን እንዳልሰማች ሆነች። አንድ ኮፍያ አንስታ ጠርዙን ገለበጠችው።

«መርፌሽን አምጪ» አለች።

ኮፍያውን የምትሠራው ከአናቱ ወደ ታች ስለሆነ የሚያልቀው ጠርዙ ላይ ነው። ጠርዙን ለሙቀት ብላ እጥፍ አድርጋው ነበር። የመጨረሻዋን ቋጠሮ ፈታችና ሳበች። የስንት ቀን ድካሟ እየተተረተረ ወረደ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እጥፉን እናወጣዋለን። ይህ ቀዩ ክር ለሻርፑ ጫፍና ጫፍ ይሆናል። ያንቺም ሻርፕ ጫፉ ይተርተር፤ ቢጫው ለኮፍያው ጠርዝ ይግባ። ሁሉም አንድ ዓይነት።»

«አንድ ቀለም ነው እኮ የተባለው።»

«ሰምቻለሁ።»

ሐሙስንና ዓርብን ጎንበስ እንዳሉ ዋሉ። እናት ትተረትራለች፣ ልጅ ትሠራለች፤ ኋላ ይለዋወጣሉ። ልጅቱ ልቃቂቱን እያንከባለለች አልጋ ሥር ታስገባባቸዋለች። ጥሩአየሁ ዓርብ ከሰዓት መርፌውን ስታስቀምጥ ጣቷ አልዘረጋ ብሎ ሰሎሜ በለብታ ውኃ አሸችላት።

ቅዳሜ ጠዋት ዘይዳ ሱቅ ገቡ። ዘይዳ አንዱን ኮፍያ በጡጫዋ ወጥራ አየችው። ሻርፑን ዘረጋችው። ፊቷ ጠቆረ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ስንት ቀለም ነው ያልኩሽ?»

«አንድ» አለች ሰሎሜ።

«ይህ ስንት ነው?»

ጥሩአየሁ ቀደመች። «ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የእኔ ነው። ልኩን ጽፌ ላክሁ፣ ጣሳውን ሳልልክ ቀረሁ።» ሁለቱንም ጣሳዎች ባንኮኒው ላይ አኖረቻቸው።

ዘይዳ አንዱን በአንዱ ውስጥ ከታ አየችና ሳቋ አመለጣት። «ወላሂ፣ እትዬ! በዚህ በቢቸና ጣሳ አባቴ ከስንቱ ነጋዴ ጋር ተጣልቷል! እርስዎ ደግሞ በክር መጡ?» ሳቋ ቶሎ አለቀ። ሠላሳውንም ኮፍያ አንድ በአንድ ከሻርፑ ጋር እያጣመረች ደረደረች፤ የሚለይ ፈለገች። ሰሎሜ የእናቷን ክንድ ያዘች።

«አንድ ቀለም አይደለም» አለች ዘይዳ። «ግን ሠላሳው አንዱ ከአንዱ አይለይም። የመዋያዋን ሴትዮ እኔ አነጋግራታለሁ። ካልወሰደችም ገበያ አያጣም።» ከዚያ ዘወር ብላ በጣቷ አመለከተች። «ያንን ፎጣ ከመደርደሪያው አውርጂው። ሁሉንም። ቦታው ይጥበብሽ እንጂ አይስፋሽ።»

ሰሎሜ ፎጣውን አንድ በአንድ አወረደች።

መናኸሪያው ድረስ ሸኘቻት። ጥሩአየሁ ልጅቱን ስማ፣ ነጠላዋን አንገቷ ላይ ደጋግማ ጠቀለለችላት፤ ግንባሯን እንደ ገና ዳሰሰች። ባዶዎቹን ማዳበሪያዎች አጣጥፋ ስትገባ ሰሎሜ ጣሳው በእጇ መቅረቱን አስተዋለች።

«እማዬ፣ ጣሳሽን!»

«ላንቺ ነው።»

«አንቺስ በምን ትለኪያለሽ?»

«በእፍኜ። ልጅቱን ከእሳት አርቂ» አለችና በሩ ተዘጋ።

በመስኮቱ እስኪርቁ ድረስ አየቻቸው። ልጇ ጣሳውን በብብቷ ይዛ፣ የልጅ ልጇን በጀርባዋ አዝላ ቆማለች። ያው ረዳት ነበር፤ «እማማ፣ ኮፍያዎቹ የት ገቡ?» አላት።

«ቀሩ» አለች ጥሩአየሁ። የሚይዙት ነገር የሌላቸውን እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች፤ ጉንደ ወይን ሳይደርሱ እንቅልፍ ወሰዳት።