ትርንጎ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ዕለት

ትርንጎ አባቷ ትቶላት የሞተውን መሬት ራሷ ላስተዳድር ብላ ያመለከተችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። መሬቱን በሞግዚትነት የያዘው አጎቷ የኋላሸት ማሾውን ሸዋ ሮቢት አውርዶ ሲሸጥ፣ እሷ ደብተር ግዛልኝ እያለች ትለምነው ነበር።

የቀበሌው ሊቀመንበር አቶ ተክሌ ማመልከቻዋን እስከ መጨረሻው እንኳ አላነበቡትም። ልጅ ስለ ራሱ የመወሰን አቅም የለውም፣ ሕጉ አሥራ ስምንት ይላል ብለው ረዘም ያለ ትምህርት ሰጥተው አሰናበቷት።

በዚያው ዓመት፣ በ2005፣ የአካባቢ ምርጫ ደረሰና የተመዘገበው መራጭ ወረዳው ከጠየቀው ቁጥር አነሰ። የሚያሸንፈው አስቀድሞ ስለታወቀ ገበሬው ከሽንኩርት ማሳው አልነቃነቅ አለ። አቶ ተክሌ ታዲያ ትምህርት ቤት መጥተው ከስምንተኛ ክፍል ቁመቱ ዘለግ ያለውን አርባ ተማሪ መዘገቡ። ትርንጎ ዕድሜዋን ብትነግራቸው ሳቁ። የዛሬ ልጆች ነቅታችኋል፣ አገር የሚመራ ለመምረጥ ደርሳችኋል አሉና "18" ብለው ጻፉላት።

ትርንጎ አልተናደደችም፤ ናቀቻቸው። ንቀቷም ደፋር አደረጋት። የመራጭነት ካርዷን ይዛ ቀበሌ ገባችና ባለጉዳይ በሞላበት ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጣ መሬቴን አለች።

አቶ ተክሌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ይሄ ለምርጫው ብቻ ነው አሏት።

"እንግዲያው አሥራ ስድስት ናት ብለው ይጻፉልኝና ወረዳ ላሳይ።"

"ተይ ልጄ፣ ነገር አታብዢ።"

"ልጅ ነኝ ወይስ አይደለሁም፣ ጋሼ ተክሌ? የጠየቅሁዎት እሱን ነው።"

ወረፋ የያዙት እትዬ አስካለ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ሊቀመንበሩ አሰቡት፤ እሷን ከመዝገብ ቢሰርዙ አርባው ተማሪ ሊከተል ነው፣ አጎትየው ግን አንድ ሰው ነው። የኋላሸት እየሮጠ መጥቶ የተወለደችበትን ዓመት እየጠራ ቢጮህ፣ የትናንት ወዳጁ አቶ ተክሌ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት "መዝገብ ይዋሻል እንዴ?" አሉት። በሳምንቱ የመሬቱ ደብተር እጇ ገባ።

የምርጫው እሑድ ትርንጎ አክስቷን ልትጠይቅ ደብረ ሲና ወጥታ ዋለች። ስትመለስ ጓደኞቿ እንደመረጠች ነገሯት፤ በስሟ ትይዩ ያማረ ፊርማ ሰፍሯል። የማን እጅ እንደሆነ ለማጣራት አልሄደችም። ሰኞ የሂሳብ ፈተና ነበረባት።