የቡርማካን ነጭ ምንጭ

ጃይናጉል የአፈር ግድቡ አናት ላይ ወጥታ ቁልቁል ስታይ ክው ብላ ቀረች። ከአራት ዓመት በፊት ሣር ብቻ በነበረበት ሜዳ ላይ ዘጠኝ ቤት ቆሟል። አንደኛው የአክስቷ የቡርማካን ነው።

ያኔ ግድቡን መርምራ የአደጋ ደረጃ የሰጠችው እሷው ነበረች። ደረጃው የሚሰጠው ግድቡ ምን ያህል ጠንካራ ነው ተብሎ ሳይሆን፣ ቢፈርስ ማንን ይጎዳል ተብሎ ነው። «ከታች የሚኖር ሰው» በሚለው ቦታ «የለም» ብላ ጻፈች፤ ዝቅተኛውን ደረጃ ሰጠችው። ዝቅተኛ አደጋ አለው የተባለ ግድብ በአምስት ዓመት አንዴ ቢታይ ይበቃዋል። ዘንድሮ የተራራው በረዶ በአንዴ ቀልጦ ውሃው ጢም አለ ባይባል ኖሮ አሁንም ባልመጣች ነበር።

እየተንሸራተተች ወረደች። በግድቡ እግር ሥር አንድ የአኻያ ዛፍ የስእለት ጨርቅ ተንጠልጥሎበት ቅጠሉ አይታይም። ከሥሩ ውሃ ይንፎለፎላል፤ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ተንበርክከው ይቀዳሉ።

«መጣሽ? እኛንማ ረስተሽናል!» አሉ ቡርማካን ጉንጯን እየሳሙ። «በይ ጠጪ። የዛሬ ሦስት ዓመት ፈለቀ፣ ስንቷን መካን አስወለደ መሰለሽ! ሰዉም ለበረከቱ ብሎ እዚሁ ቤት ሠራ። ከትናንት ወዲህ ደግሞ ይኸው፣ ወተት ሆነልን።»

ጃይናጉል ወተት የመሰለውን ውሃ በብርጭቆ ተቀብላ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። ትንሽ ቆይቶ ከታች ነጣ ያለ ቢጫ ጭቃ ዘቀጠ።

«አክስቴ፣ ይሄ ምንጭ አይደለም። ግድቡ ነው የሚያፈሰው። ውሃው ሆዱን እየበላው ነው፤ ዛሬ ነገ ሳይል ይፈርሳል!»

«ወግጂ! ከተማ ገብተሽ የአምላክን ስጦታ ጭቃ ትይብኝ ጀመርሽ?»

«እሺ፣ ጭቃውን በእጅዎ ይንኩት።»

ቡርማካን በንቀት ጣታቸውን ነክረው አሹት። ፊታቸው ድንገት አመድ መሰለ። ሙሽራ ሳሉ ይህን ቢጫ ሸክላ ከማዶ ኮረብታ በጀርባቸው ተሸክመው የግድቡ ሆድ ውስጥ የጠቀጠቁት እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ኮረብታና ከግድቡ ሆድ በቀር ሌላ ቦታ አይገኝም።

«ወይኔ! ለሰው ሁሉ ያጠጣሁት...» አሉ።

ጃይናጉል «ውጡ! ሽሹ!» እያለች ጮኸች። ሰዎቹ ሳቁባት። አንዱማ «እህቴ፣ ወረፋ ያዢ» አላት።

ያኔ ቡርማካን ነጭ ሻሻቸውን ከራሳቸው ፈትተው በሰዎቹና በውሃው መካከል መሬት ላይ ጣሉት። በአገሩ ልማድ አሮጊት የጣለችውን ሻሽ የሚሻገር የለም፤ የሚገዳደሉ ወንዶች እንኳ ቢላቸውን ይከታሉ። ሳቁ ጸጥ አለ። ሽበታቸውን ገልጠው የቆሙትን ሴትዮ ያየ ሁሉ እንስራውን ጥሎ ዳገቱን ተያያዘው። ከዘጠኙም ቤት ሕፃንና ሽማግሌ ተሸክመው ወጡ።

ከቀትር በኋላ ግድቡ መሃሉ ላይ ተቀደደ። አኻያው፣ ጨርቁ፣ ዘጠኙ ቤት ሲጠፉ አንድ ሻይ የሚጠጣበት ጊዜ እንኳ አልፈጀም። ዳገቱ ላይ የሚያለቅስ እንኳ አልነበረም፤ ሁሉም ደንዝዟል።

የጃይናጉል ስልክ ጮኸ። አለቃዋ ነው።

«ፈረሰ አሉ! መዝገቡ ላይ ከታች የሚኖር ሰው የለም ይላል፤ ልክ ነው አይደል?»

ድምፁ ከስልኩ አልፎ ይሰማል። ገና ራሳቸውን ያልሸፈኑት ቡርማካን ስልኩን ከእጇ ነጠቁት።

«አለን!» አሉት።